ተራራው 70 ማይል ላይ ነው

«ስካይላይን» ሲባል የዋሽንግተን አካባቢ ሐበሻ ቀድሞ ትዝ የሚለው ቤይሊስ ክሮስሮድስ ያለው ሰፈር ነው፤ እንጀራ የሚገዛበት፣ ፀጉር የሚሠራበት፣ በአንድ ስኒ ማኪያቶ የአገር ፖለቲካ ሦስት ሰዓት የሚተነተንበት። ሌላም ስካይላይን አለ። ከዚያው ሰፈር ተነስቶ በ66 ቁጥር አውራ ጎዳና ወደ ምዕራብ 70 ማይል ያህል የነዳ ሰው ፍሮንት ሮያል ከምትባል ትንሽ ከተማ ይደርሳል። ከከተማዋ ጫፍ ተነስቶ የብሉ ሪጅን ተራራ አናት አናቱን እየተጠማዘዘ 105 ማይል የሚዘልቀው መንገድ ስካይላይን ድራይቭ ይባላል፤ ያለውም በሼናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ነው። ሃያ ዓመት እዚህ ኖረው፣ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያን እንደ ጓዳቸው እያወቁ፣ ከደለስ ትንሽ አለፍ ብሎ ያለውን ይህን ተራራ ረግጠውት የማያውቁ ባልና ሚስት ስንት እንደሆኑ ቤቱ ይቁጠረው።

የዛሬው ጨዋታችን ለእነሱ ነው። ለባልና ሚስት ብቻ። ልጅ፣ አማት፣ ዋርሳ፣ ሚዜና የዕቁብ ማኅበርተኛ ይህን ዓምድ ዘሎ ወደ ስፖርቱ ገጽ ቢያልፍ ቅር አይለኝም።

የስደት ትዳር እንዴት እንደሚኖር ለዚህ ጋዜጣ አንባብያን መናገር ለቀባሪ ማርዳት ይሆንብኛል። እሱ ማታ ይነዳል፤ እሷ ጎህ ሳይቀድ ናርሲንግ ሆም ትገባለች፤ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ «ደብል» ትሠራለች። የሚገናኙት በር ላይ ነው። «ልጁ በልቷል፤ ወጡ ፍሪጅ ውስጥ ነው፤ የመብራቱ ቢል ጠረጴዛው ላይ አለ፤ ቻው።» ይህ ንግግር አንድ የጥበቃ ሠራተኛ ተረኛውን ሲያስረክብ ከሚናገረው በምን ይለያል? በዚህ ዓይነት አሥራ አምስት፣ ሃያ ዓመት ይገፋል። ቤት ይገዛል፣ ልጅ ይማራል፣ አገር ቤት ያለ ዘመድ ይረዳል። ሁሉም የሚያስመሰግን ነው። ከዚያ የመጨረሻው ልጅ ኮሌጅ ይገባና ቤቱ ጭር ሲል ባልና ሚስት ሶፋ ላይ ፊት ለፊት ይቀመጣሉ፤ የሚያወሩት ያጣሉ። ሽምግልና የሚቀመጡ አባቶችን ጠይቁ። በዚህ ዕድሜ ትዳር ሲፈርስ ብዙ ጊዜ ድብድብ የለበትም፣ ውሽማ የለበትም፣ ስካር የለበትም። «ከማላውቀው ሰው ጋር እየኖርኩ ነው» የሚል አቤቱታ ብቻ ነው፤ ለዚህ ደግሞ ሽማግሌ ምን ብሎ ይፈርዳል?

«ዕረፍትማ አገር ቤት እንሄዳለን» የሚል አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። እንሄዳለን፤ ግን እውነቱን እንነጋገር፤ እሱ ዕረፍት ነው ወይ? ጉዞው የሚጀምረው ከአራት ወር በፊት በጫማ ቁጥር ነው። ሃያ ሦስት ሃያ ሦስት ኪሎ የሆኑ አራት ሻንጣዎች ይሞላሉ፤ በመታጠቢያ ቤት ሚዛን ይመዘናሉ፣ ይራገፋሉ፣ እንደገና ይሞላሉ። እዚያ እንደደረሱ እሷ ከእናቷ ዘንድ ቦሌ፣ እሱ ከእህቱ ዘንድ ኮልፌ ያድራሉ፤ ምክንያቱም የሁለቱም ወገን «እኛ ጋ ካላደራችሁ» ብሎ ያኮርፋል። ለቅሶ መድረስ አለ፣ ሙት ዓመት አለ፣ የተጋፋ የአጥር ድንበር አለ፣ ቀበሌ የሚፈልገው ወረቀት አለ። በሦስት ሳምንት ውስጥ ባልና ሚስት ለብቻቸው አንድ ምሳ ሳይበሉ ይመለሳሉ። ይህ ግዴታ ነው፤ መልካም ግዴታ ነው፤ ስሙን ግን ዕረፍት አንበለው።

ተራራ ካላችሁማ የእኛው ስሜን አለልን የሚል ደግሞ አይጠፋም። ልክ ነው። ጋዜጠኛ ሳለሁ ለሥራ ደባርቅ ወጥቼ፣ ከገደሉ አፋፍ ላይ ጭላዳው እንደ በግ መንጋ ሣር ሲግጥ ያየሁበት ጠዋት ዛሬም ከዓይኔ አልጠፋም። ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት እ.ኤ.አ. በ1978 ሲመዘግበው ከመጀመሪያዎቹ አሥራ ሁለቱ አንዱ ነበር። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2023 በአማራ ክልል ጦርነት ከተቀሰቀሰ ወዲህ መንገዱ የሚታመን አይደለም፤ ሚስቱን ለመዝናናት ወደዚያ ይዞ የሚሄድ ሰው ቢያማክረኝ ተው ነው የምለው። ሲረጋጋ እንሄዳለን። ትዳሩ ግን እስከዚያ ቆሞ አይጠብቅም።

ስለዚህ ወደ ሼናንዶዋ እንመለስ። የዴንቨር አንባብያን ይሄን ተራራ ስል ሊስቁብኝ ይችላሉ፤ አይፈረድባቸውም። እኛም ራሳችን ብንሆን የአገራችንን ከፍታ ስናስብ ያስቀናል። በፓርኩ ውስጥ ከሁሉ የሚበልጠው ሆክስቢል የሚባለው ጫፍ 4,050 ጫማ ነው፤ በሜትር 1,234 ገደማ መሆኑ ነው። የአዲስ አበባን እኩሌታ ያህል ማለት ነው። ናዝሬት በብዙ ትበልጠዋለች፤ እኩያ ከተፈለገለት ድሬዳዋ ናት። ያም ሆኖ ድሬዳዋ መስሏችሁ በሸሚዝ እንዳትወጡ። እዚህ ብርዱን የሚያመጣው ከፍታው ብቻ ሳይሆን ከምድር ወገብ መራቃችን ነው። ጠዋት ጉም ሸለቆውን ሞልቶ፣ የተራሮቹ ጀርባ ብቻ ተራ በተራ እየሰማየ ሲታይ፣ ጣርማ በር ላይ ቆሞ ወደ ታች የተመለከተ ሰው ልቡ ደንገጥ ይላል። ለባለቤቴ ያልኳት ይህንኑ ነበር፤ እሷ ግን ጋይንት ነው የሚመስለው ብላ ተከራከረችኝ። ግማሽ ሰዓት ተከራከርን። ስለ ቢል ያልሆነ ክርክር ካደረግን ስንት ጊዜያችን እንደነበር እግዜር ይወቀው።

ጊዜው መቼ ይሁን? በጋውም ጥሩ ነው፤ ከታች ዋሽንግተን በሙቀት ስትቀቀል ከላይ በአሥር ዲግሪ ፋራናይት ገደማ ይቀዘቅዛል። እኔን ብትጠይቁኝ ግን ኦክቶበር ነው። በእኛ አቆጣጠር ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ዘመነ ጽጌ ነው፤ አገር ቤት ሜዳው በአበባ የሚሸፈንበት። እዚህ ደግሞ በዚያው ሰሞን አበባው ሳይሆን ቅጠሉ ነው የሚያብበው ቢባል ይሻላል፤ ቢጫ፣ ብርቱካናማ፣ ደም የመሰለ ቀይ። ብዙ ጊዜ የሚደምቀው በኦክቶበር ሁለተኛ አጋማሽ ነው፤ እንደ ዓመቱ ዝናብና ብርድ ቀደም ወይም ዘግየት ይላል። ችግሩ ይህን የሚያውቀው ሐበሻ ብቻ አለመሆኑ ነው። በኦክቶበር ቅዳሜና እሁድ መንገዱ እንደ መርካቶ ይጨናነቃል፤ የፓርኩ በር ላይ መኪና ይሰለፋል። እዚህ ላይ የእኛ ሥራ ለአንድ ጊዜ ይጠቅመናል። ታክሲ ወይም ኡበር የሚነዳ የራሱ አዛዥ ነው፤ ማክሰኞና ረቡዕ ቢያርፍ የሚጎዳው ከዓርብ ማታ ያነሰ ነው። ናርሲንግ ሆም ወይም ሆስፒታል የምትሠራዋ ቀኑን አስቀድማ ከጠየቀች በመካከለኛ ቀን ፈቃድ ማግኘት ከቅዳሜ ይቀላል። ማክሰኞ ጠዋት ወጥቶ ሐሙስ ከሰዓት መመለስ ነው፤ ሁለት ሌሊት። አንድ ሌሊት አይበቃም፤ የመጀመሪያው ሌሊት በእንቅልፍ ያልቃል፤ ሊያልቅም ይገባል።

ማደሪያ በተራራው ላይ ሁለት ትልልቅ ሎጆች አሉ፤ ስካይላንድና ቢግ ሜዶስ። ስካይላንድ 3,680 ጫማ ላይ፣ የመንገዱ ከፍተኛ ቦታ ላይ ነው፤ በረንዳው ወደ ምዕራብ የሚያይ ክፍል ጠይቁ፤ ፀሐይዋ የምትጠልቀው በዚያ በኩል ነው። ቢግ ሜዶስ ሰፊ መስክ አጠገብ ነው፤ ምሽት ላይ አጋዘን ይወጣበታል። ሁለቱም በክረምት ዝግ ናቸው። ለኦክቶበር ዛሬውኑ ስልክ የማይደውል ሰው ክፍል አያገኝም ብል ማጋነን አይሆንም። ሞልቷል ካሏችሁ ከተራራው ግርጌ ሉሬይና ስፔሪቪል የሚባሉ ከተሞች ውስጥ ሆቴልም የእንግዳ ማረፊያም አለ፤ ጠዋት ጠዋት ወደ ላይ መውጣት ነው። ወደ ስካይላንድ ለሚሄድ ደግሞ በፍሮንት ሮያል ከመዞር ይልቅ በዋረንተንና በስፔሪቪል አድርጎ ቶርንተን ጋፕ በሚባለው በር መግባት መንገድ ያሳጥራል፤ ከበሩ በስተደቡብ አሥር ማይል ብቻ ነው። በዚያኛው መንገድ ደግሞ ከበሩ አጠገብ ባልሥልጣን ያልፈለሰፈው፣ ሠራተኛ እ.ኤ.አ. በ1932 ከአለት ፈልፍሎ ያወጣው ዋሻ አለ፤ ትንሽ ወደ ደቡብ እንዳለፋችሁ መኪናችሁ ውስጡ ትገባለች።

የፓርኩ መግቢያ ለአንድ መኪና 30 ዶላር ሲሆን ሰባት ቀን ያገለግላል። ከሁለት አንዳችሁ 62 ዓመት ከሞላችሁና ዜጋ ወይም ባለ ግሪን ካርድ ከሆናችሁ፣ በ80 ዶላር ዕድሜ ልክ በየትኛውም የአሜሪካ ብሔራዊ ፓርክ የሚያስገባ ካርድ አለ። ስንት ሽማግሌዎቻችን ይህን ሳያውቁ እንደሚቀመጡ ሳስብ ይቆጨኛል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ብሩ እንምጣ። «ይሄ ብር ለእናቴ ቢላክ» የሚል ድምፅ አለ። እኔም ውስጥ አለ፤ አንቺም ውስጥ አለ፤ አንተም ውስጥ አለ። ሎጅ ውስጥ አንድ ሌሊት የሚከፈለው ገንዘብ አገር ቤት የስንት ወር አስቤዛ እንደሚሆን በብር መንዝሮ የማያሰላ ሐበሻ የለም። ይህን ሐሳብ የሚንቅ ሰው ከእኔ ጋር አይስማማም፤ የተከበረ ሐሳብ ነው። ነገር ግን አስቡት፤ ያ ገንዘብ በየወሩ የሚላከው ሁለት ሰው ተጋግዞ ስለሚሠራ ነው። ቤቱ ለሁለት ሲከፈል፣ ኪራይ ሁለት ሲሆን፣ ጠበቃ ሲገባበት፣ እናት ጋ የሚደርሰው መቋረጡ አይቀርም። ሲቋረጥም አይተናል። እንግዲህ በዘዴ ነው። ሁለታችሁም በሳምንት ሃያ አምስት ሃያ አምስት ዶላር በፖስታ ብታስቀምጡ በአሥር ሳምንት 500 ዶላር ነው። የሁለት ሰው ዕቁብ በሉት፤ ዕጣው የማይወጣበት፣ ዳኛ የማያስፈልገው። ለእናት የሚላከው ሳይነካ፣ ለሁለት የሥራ ቀን ሌሊት የሚጎድለው ብዙ አይሆንም።

ነገሩን ለሚስት እንዴት ማቅረብ እንደሚቻልም ማሰብ ይገባል። በድንገት «ተነሺ ተራራ እንሂድ» ያለ ባል የሚገጥመው መልስ የታወቀ ነው፤ «ምን አጥፍተህ ነው?» ስለዚህ ድንገተኛ ስጦታ የሚባለው የፈረንጅ ፈሊጥ ይቅር። ፖስታውን አብራችሁ ክፈቱ፣ ክፍሉን አብራችሁ ምረጡ። መጠበቁ ራሱ ግማሽ ደስታ ነው፤ ደግሞም ከአሥር ሳምንት በፊት አንድ የጋራ ወሬ ተገኘ ማለት ነው።

ትልቁ አደጋ ግን ድብ አይደለም፤ ሦስተኛ ሰው ነው። ሐበሻ ለብቻው መዝናናት ይከብደዋል። «እነ እገሌም ቢመጡስ?» ይባላል። እነ እገሌ ሲሰሙ እነ እገሊትን ይጠራሉ። በሦስተኛው ቀን አምስት መኪና፣ ሁለት ድስት ዶሮ፣ አንድ ሙሉ በግ፣ ሃያ ሰው ተሰልፎ ይገኛል። ደስ ይላል፤ ጁላይ ፎር ላይ አድርጉት። ወንዱ ከወንድ ጋር ካርታ ይጫወታል፣ ሴቷ ጎንበስ ብላ ሥጋ ስትከትፍ ትውላለች፤ ቤት የነበረው ሁሉ ተራራ ላይ ወጣ እንጂ ምን ተለወጠ? ልጆቹንም ቢሆን ለአክስት ወይም ለክርስትና እናት አደራ ሰጥታችሁ ሂዱ፤ በልዋጩ የእነሱን ልጆች ሌላ ጊዜ ትይዙላቸዋላችሁ።

ምግብን በተመለከተ ሎጆቹ ውስጥ ምግብ ቤት አለ። ስማቸው የተጠራበት በብላክቤሪ የተሠራ አይስክሬም ፓይ አላቸው፤ ቅመሱት፤ አንዱ ለሁለት ይበቃል። ረቡዕ የሚፆም፣ ወይም የጽጌን ፆም የሚይዝ ሰው ግን ከሰላጣና ከድንች ያለፈ ነገር አገኛለሁ ብሎ ተስፋ ባያደርግ ይሻላል፤ ሙስሊም ወገኖቻችንም የሥጋውን ነገር ከቤት ይዘው ቢወጡ። በየመንገዱ ዳር የሽርሽር ጠረጴዛና የከሰል ምድጃ ያለባቸው ቦታዎች አሉ። እኛ ጀበናችንን ይዘን ነበር የሄድነው፤ ረከቦቱን፣ ቄጤማውንና ስድስቱን ስኒ እቤት ትተን። ሁለት ስኒ ብቻ። ቡናው ሲፈላ ያለፈ ፈረንጅ ሁሉ አፍንጫውን እየቀሰረ ሰላም ይለን ነበር። የተረፈውን ምግብ ግን ጠረጴዛ ላይ ጥሎ መነሳት ክልክል ነው፤ በፓርኩ ውስጥ ጥቁር ድብ አለ፤ የእኛ ቁሌት ሽታ ደግሞ ሩቅ ይሄዳል። መኪና ውስጥ ቆልፋችሁበት ተነሱ።

በእግር የሚኬድባቸው መንገዶች ብዙ ናቸው፤ ቀኑን ሙሉ ቆማ ለምትውል ሴት ጉልበትና አሥራ ሁለት ሰዓት ለሚቀመጥ ሾፌር ወገብ የሚሆነውን መምረጥ ነው። ስቶኒ ማን የሚባለው ከስካይላንድ አጠገብ ተነስቶ ደርሶ መልስ 1.6 ማይል ነው፤ አቀበቱ ለስለስ ያለ ሲሆን ጫፉ ላይ 4,010 ጫማ ከፍታ ካለው አለት ላይ ሆናችሁ ሸለቆውን በሙሉ ታያላችሁ። ዳርክ ሆሎው የሚባለው 70 ጫማ የሚሆን ፏፏቴ አለው፤ አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፤ እዚያ ቁልቁለቱ መጀመሪያ ነው፤ አቀበቱ የሚመጣው ስትመለሱ ነው። ኦልድ ራግ የተባለውን ለወጣቶቹ ተዉላቸው፤ ዘጠኝ ማይል ገደማ ነው፤ በአለት መካከል በእጅ መቧጠጥ አለበት፤ ከማርች እስከ ኖቬምበር ደግሞ አስቀድሞ ቲኬት ካልተቆረጠ አያስገቡም። የቤተ ክርስቲያን ጫማ አድርጋችሁ እንዳትሄዱ። ጋቢ ግን ያዙ፤ ማታ በረንዳ ላይ ሁለት ሰው በአንድ ጋቢ መቀመጥ ስንት ዓመት ሆናችሁ?

ስትዘዋወሩ በጫካው መካከል የድንጋይ ጭስ ማውጫ ብቻውን ቆሞ፣ ያረጀ የፖም ዛፍ፣ አንዳንዴም የመቃብር ድንጋይ ታያላችሁ። ሰው ይኖርበት ነበር። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1935 ሲቋቋም ከ400 በላይ ቤተሰቦች ከዚህ ተራራ እንዲነሱ ተደርገዋል፤ ጥቂት አረጋውያን ብቻ ዕድሜያቸው እስኪያልቅ እንዲቆዩ ተፈቀደላቸው፤ የመጨረሻዋ አዛውንት ያረፉት እ.ኤ.አ. በ1979 ነው። ከሰሜን ተራሮች ውስጥ የግጭ መንደር ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ለፓርኩ ሲባል ወደ ደባርቅ መውረዳቸውን የምናውቅ ሰዎች ይህን በዋዛ አናልፈውም። ሌላም አለ፤ ሉዊስ ማውንቴን የተባለው ማረፊያ እ.ኤ.አ. በ1939 የተከፈተው ለጥቁሮች ብቻ ተብሎ ነው፤ ሙሉ በሙሉ መለያየቱ የቀረው እ.ኤ.አ. በ1950 ነው። ዛሬ እንደ እኔና እንደ ባለቤቴ ያለ ሰው በሻተው ሎጅ ቁልፍ ተቀብሎ ይገባል። ባለቤቴ ከጭስ ማውጫው አጠገብ ቆማ፣ አያቷ ከርስታቸው ስለተነሱበት ጊዜ አጫወተችኝ። አሥራ ስድስት ዓመት አብረን ስንኖር ሰምቼው የማላውቀው ታሪክ ነበር።

የሚቀረው ስልክ ነው። ተራራው ላይ በብዙ ቦታ አይሠራም፤ ይህን እንደ ጉድለት የሚቆጥር ሰው የሐበሻን ስልክ አያውቅም። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት «ተኝታችሁ ነበር እንዴ?» የሚል ደዋይ የለም። ብቻ ከመሄዳችሁ በፊት የሎጁን ስልክ ቁጥር ለትልቁ ልጅ ወይም ለአንድ ልባም ሰው ስጡ፤ ለአገር ቤት ዘመድም «ሁለት ቀን አንገኝም» ብላችሁ ንገሩ፤ አለዚያ ሞቱ ተብሎ ድንኳን ሊተከል ይችላል። ቤንዚን ከታች ሙሉ፤ ላይ አገኛለሁ አትበሉ። የፍጥነት ወሰኑ በሰዓት 35 ማይል ነው፤ ለታክሲ ነጂ ፈተና ነው፤ መሪውን ለሚስትህ ስጣትና አንተ እይ።

ሐሙስ ስትወርዱ በስፔሪቪል በኩል ኑ። በኦክቶበር በመንገድ ዳር ፖም ይሸጣል፤ ለልጆቹና ልጅ ለያዘላችሁ ሰው አንድ አንድ ከረጢት ግዙ። ስልኩ እዚያ አካባቢ መንጫጫት ይጀምራል። ዋረንተን እስክትደርሱ አታንሱት።